የባቡሩ በር

ሐዲድ የለው፣ ፉርጎ የለው፣ የትም ቦታ አይሄድም፤
ስሙ ግን ባቡር ነው፣ ሌላ ስም አይወድም።
ውጫሌ፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች ሲወርዱ
ቆርቆሮ ቤት አለ፣ እህል ነው መንገዱ፤
አህያም፣ ጆንያም፣ ሰውም ተጨናንቆ
ጥሬው ይገባና ይወጣል ደቅቆ።

ባለ ወፍጮው እብሬ፣ ቅንድቡ የነጣው
(ዕድሜ እንዳይመስላችሁ፣ ዱቄት ነው ያመጣው)
ሞተር ሳያስነሣ፣ ናፍጣ ሳይቀዳ
ብረት በሩ ላይ ይጽፋል ማለዳ፤
በጠመኔ፣ በቀን አንዲት ነገር ብቻ።
«ለምን?» ሲባል፦ «ተራ እስኪደርስ መጫወቻ።»

ሰኞ ለት እንዲህ አለ፦
«ማክሰኞ የምንላት የነገዋ ዕለት
የሰኞ ማግሥት ናት፤ የራሷ ስም የላት።»
ሴቶቹ ሳቁና «ምስኪን!» አዘኑላት።

በማግሥቱ ደግሞ፦
«ጠረጴዛ ግሪክ ነው፤ አራት እግር ማለት።»
«የኔ በሦስት ቀርታለች፤ ምን ብዬ ልጥራት?»
አሉ እትዬ ጌጤ፣ ጆንያቸው ላይ ሆነው፤
እብሬ ቢያስብ ቢያስብ፦ «ይህን ግሪክ ይወቀው።»

ረቡዕ ነው የከበደው።
«ሼኾቻችን በወሎ ዐጀሚ ሲጽፉ
ፊደሉ ዓረብ ነው፣ አማርኛ ነው አፉ።»
ይህን ሲሰሙ ሙሄ ከደረት ኪሳቸው
ወረቀት አወጡ፣ ከአያት የደረሳቸው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በላስቲክ ጠቅልለው፣
ሲታመሙ በግንባር፣ ሲተኙ በትራስ አድርገው
ሳያነቡ፣ እንደ ዱዓ የያዙት።

ከመስጊድ የመጣ አንድ ደረሳ ተጠራ፤
አነበበው። ቆመ። ሳቁን እየፈራ
ደግሞ አነበበው፦
«ከአራጋው ቤት አለኝ ሁለት ቁና ማሽላ፤
ለጥቅምት ብሎኛል።»
ሌላ የለም። ሌላ።

ዝም አለ ወረፋው። ሙሄ ወረቀቱን
አገላብጠው አዩ ጀርባና ፊቱን።
ከበስተኋላ ግን አንድ ጎልማሳ ሳለ
«የአራጋው የልጅ ልጅ እኔ ነኝ» አለ፤
ጆንያውን ፈትቶ፣ ቁና ተውሶ
ሁለቱን ሰፈረ፣ ጫፉን አፍስሶ።
ሙሄ ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉ፤
«ዱዓው ደረሰልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሐሙስ የኔ ቀን ነው፤ ይርገዱ ነው ስሜ፣
የመርጌታው ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ።
«በእሳቱ ሰ ‹ሰረቀ›፣ ፀሐይዋ ወጣች፤
በንጉሡ ሠ ከሆነ፣ ሌባዋ ገባች»
ይላል በሩ። ጮኽሁ፦ «ተገላብጧል እኮ!»
እብሬ ፊደሉን አየ፣ በሩ ሥር ተንበርክኮ።

ዓርብ ጧት ስንመጣ ጠመኔው ደመቀ፦
«ትናንት ሳትኩ። በንጉሡ ነው ፀሐይ የሠረቀ፤
እሳቱ ነው ሌባ። ያረመችኝ ይርገዱ።»
ስሜን ያነቡታል የሚመጡ የሚሄዱ።

ቅዳሜ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«እዚሁ ውጫሌ በሁለት አፍ ተጽፎ
አንድ ውል ነበረ፤ አንዲት ግስ ተዛንፎ
‹ይቻላል› ያለው ቃል ማዶ ‹ግድ› ሆነ።»
ኪሎውን አነሣ፣ በእጁ መዘነ፦
«ይህ ቢጎድል ዱቄት ነው፤ ያ ሲጎድል ግን...»
ሞተሩ ተነሣና የቀረውን ዋጠው።

ክረምቱም እንዲሁ፦
«ጳጉሜን የግሪክ ቃል ነው፣ ተጨማሪ ማለት።»
መምህሩ ከኋላ፦ «ደመወዝ የሌላት!»
«ሐይቅ ማለት በግእዝ ዳር ነው፣ የውኃ ዳር።»
የሐይቅ ሹፌር ተቆጣ፣ ጭነቱን ሲያስር፦
«እኛስ መሀል ነን!»

ዓመት ዞረ። መብራት ገባ፣ ናፍጣው ቀረ፤
ያ ሁሉ ጩኸት የለም፣ ወፍጮው ተቀየረ።
ጥቅምት ነው፣ ውርጭ ነው። በሩ ላይ አነበብሁ፦
«ባቡር ከፈረንጅ ነው፤ ትርጉሙ እንፋሎት።
እዚህ ኖሮ አያውቅም፤ እንዲያው ነው ማለት።»

ዞሬ ወረፋውን አየሁ፦ አህዮች፣ እናቶች፣
ጋቢ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ አፎች፤
ቃል በወጣ ቁጥር ጉም አብሮ ሲወጣ።
ዱቄት በነካው ጣት ከሥሩ ጻፍኩለት፦
«አለ፤ ከወረፋው አፍ፣ ማለዳ እይበት።»
እብሬ አነበበና ቅንድቡን ጠረገ፤
«ተራሽ ነው» አለና ጆንያዬን ፈለገ።